በዳዊት ማኅደር የሚዞር መጽሐፍ

ሰላም ደውላ «ማርትዬ፣ አባዬ ዐረፈ» ስትለኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ለቅሶ አይደለም፤ ንዴት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ነበር። የሱቄን በር ገና መክፈቴ ነው፣ ቁልፉም ከእጄ አልወጣም። «እንዴት ይሞታሉ!» ብዬ ጮህኩ። ሰማኒያ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ኩላሊታቸው በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ በማሽን ይታጠባል፣ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሰላም የድንጋጤ መስሏት «አይዞሽ» አለችኝ፣ አባቷ የሞተባት እሷ ሆና ሳለ።

እኔ ግን የምናደድበት ምክንያት ነበረኝ። ጋሽ ይርጋ ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ሲያበግኑኝ ኖረው፣ የምነግራቸውን አንድ ነገር ዛሬ ነገ እያልኩ ሳለ ጥለውኝ ሄዱ። ዱሮም ልማዳቸው ነው። ክርክሩ ሲጋጋል ኮፍያቸውን አንሥተው የመጨረሻውን ቃል ይዘው ይወጣሉ።

እዚህ ስደት አገር፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለችው ሱቄ ስፋቷ አንድ መኪና ብታስገቢባት በሩ አይዘጋም። የልደት ካርድ እተረጉማለሁ፣ የሠርግ ጥሪ አትማለሁ፣ ለቸርች ኮንፈረንስ በራሪ ወረቀት እሠራለሁ። ሰው ሲሞትም የሕይወት ታሪኩን ከቤተ ሰቡ ሰምቼ የምጽፈው እኔ ነኝ። ጋሽ ይርጋ አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ ሲገቡ ቁመታቸው የበሩን ደወል አንኳኳው። በዚያ ሙቀት ሙሉ ኮት ለብሰዋል፣ ጫማቸው ያበራል፣ በትከሻቸው ላይ በጠፍር የተንጠለጠለ የዳዊት ማኅደር አለ፤ የካህን ልጅ የሆነ ሰው ቤት የሚገኘው፣ ቆዳው በእጅ ብዛት የጠቆረው ዓይነት።

«ማርታ የምትባዪው አንቺ ነሽ? አማርኛ ፈጥነሽ ትጽፊያለሽ አሉ።»

«አዎ ጋሼ፣ ምን ልጻፍልዎት?»

«መጽሐፍ» አሉና ማኅደሩን መታ መታ አደረጉት። «ዓይኔ ከድቶኛል። አንዱን ስኳር በላው፣ ሌላው በማጉያ መነጽር አፍንጫዬ ላይ ካልለጠፍኩት አያይም። እኔ ከፈረንሳይኛው እያየሁ በአማርኛ እልሻለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ።»

እኔ ጴንጤ ነኝ፣ እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ቢሆንም መንፈሳዊ ሥራ ነው ብዬ ደስ እያለኝ እሺ አልኩ። ስሕተቴ እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው። አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩም።

በሦስተኛው ገጽ ላይ እጄ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ፈረንሳይኛ ነበር። አሁን አማርኛ እየሆነ ነው።»

«የብልግና መጽሐፍ እኮ ነው!»

«በጣም። ጻፊ።»

«እኔ ጌታን የተቀበልኩ ሰው ነኝ!»

«ጌታ ታይፕ አታድርጊ አለሽ?»

አንቱ እያሉ መጣላት ከባድ ነው። ሰውየውን ማመናጨቅ ትፈልጊያለሽ፣ አፍሽ ግን «ይውጡልኝ እባክዎ» ይላል። እንደዚያ ብዬ አስወጣኋቸው። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት መጥተው ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀንም መጡ። ከዌስት አዳምስ ድረስ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ነው የሚመጡት፤ እዚያ ከአንድ አሮጌ ቤት ጓሮ አንድ ክፍል ተከራይተው ነበር። ልጃቸው ሰላም ቶራንስ ውስጥ ሰፊ ቤት አላት፣ ነርስ ናት፣ ኑና ከእኔ ጋር ኑሩ ብላ ለምና ለምና ደክሟታል። «ቶራንስ ውስጥ የሚከራከረኝ ሰው የለም» ይላሉ። ስለዚህ እኔ ላይ መጡ።

በመጨረሻ ተዋዋልን። የብልግናውን ቃል በአፋቸው አይሉትም፣ እኔም በእጄ አልጽፈውም። ለእያንዳንዱ ቃል ቁጥር ሰጡት። የቁጥሮቹን ፍቺ በራሳቸው ደብተር በትልልቅ ፊደል ጻፉና ለሰላም ሰጧት። ከዚያ በኋላ ሥራችን እንዲህ ሆነ፦ «ባላባቱ መጋረጃውን ከፍቶ ገባ፣ ሳይናገርም ቁጥር ሰባቱን . . .» ይላሉ ጋሽ ይርጋ፣ ድምፃቸውን ሞቅ አድርገው፣ ሃያ ተማሪ ፊት እንደቆመ መምህር። አንድ ቀን ለግሪን ካርድ ወረቀት ሊያስተረጉም የመጣ ሰውዬ ሲያዳምጥ ቆይቶ «ቁጥር ሰባት የትኛው ቦክስ ነው? እኔ ባዶ ትቼዋለሁ» አለኝ። ጋሽ ይርጋ በደስታ ጉልበታቸውን መቱ። እኔ ምድር ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

መጽሐፉ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ነው። በአገሩ ታግዷል፣ ተቃጥሏል፣ በመጋረጃ ጀርባ ተሸጧል። የደራሲው ስም ሲጠራ ግማሹ አፍንጫ ውስጥ ስለሚቀር ልይዘው አልቻልኩም። ታሪኩ የአንድ ዊግ የደፋ ባላባትና በግንቡ ውስጥ የዘጋባት የአንዲት ልጅ ነው። ባላባቱ በየምዕራፉ አንድ ክፉ ሥራ ይሠራል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ለምን ክፉ እንዳልሆነ ያስረዳል። ተኩላና በግ፣ ተፈጥሮና ሕግ፣ ብቻ ማስረዳት አይሰለቸውም። እኔን የሚያቃጥለኝ ደግሞ ጋሽ ይርጋ ይህን ሁሉ «እግዜር የለም» የሚል ሰው እያስጻፉኝ ረቡዕና ዓርብ መጾማቸው ነው። ከጎረቤት ካፌ ማኪያቶ ሳመጣላቸው ቀኑን ከረሳሁት ወተት አለበት ብለው ወደ እኔ ይገፉታል።

«የሚጾሙለትን እየሰደቡ ነው እኮ ጋሼ።»

«የሰደበው ባላባቱ ነው። እኔ አስተርጓሚው ነኝ። አስተርጓሚ ጾም የለውም ያለሽ ማነው?»

ከሁሉ የባሰው የእትዬ አስካለ ጉዳይ ነው። እትዬ አስካለ ከእኔ ሱቅ ሁለት በር አልፋ ቅመም የምትሸጥ ባልቴት ናት። አንድ ቀን ገብታ ጋሽ ይርጋን ስታይ፣ ማኅደሩን በሁለት እጇ ይዛ ግራና ቀኙን ሳመችው። እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ። እሷ ግን አልበቃትም፣ «አባቴ፣ ይቺ ጉልበቴ አላስተኛ ብላኛለች፣ እባክዎ ይዳብሱልኝ» አለች። ጋሽ ይርጋ ወደ እኔ አዩ፣ ወደ እሷ አዩ፣ ከዚያ ማኅደሩን ከትከሻቸው አውርደው፣ ባላባቱን ከነቁጥሮቹ፣ ጉልበቷ ላይ አስቀመጡት። ዓይናቸውን ጨፍነውም ትንሽ ቆዩ።

እሷ ስትወጣ ጮህኩባቸው። «ያንን ቆሻሻ እኮ አሳሟት! እግዜርን አይፈሩም?»

«የሳመችው ማኅደሩን ነው። ማኅደሩ የአባቴ ነው፣ አባቴ ዳዊት ሲደግምበት የኖረ። ምን ሐሰት አለው?»

በሳምንቱ እትዬ አስካለ አንድ ከረጢት በርበሬ ይዛ መጣች፣ ጉልበቷ ተሽሏት። ጋሽ ይርጋ በርበሬውን ተቀብለው አመሰገኑ። እሷ ከሄደች በኋላ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ድንገት ሳቃቸውን አቁመው «አየሽ ማርታ፣ መጽሐፍ ተአምር የሚሠራው ሳይከፈት ነው። ሲከፈት ሥራ ነው» አሉኝ። እኔ ኩርፊያዬን አልፈታሁም። በርበሬውን ግን ተካፈልን።

እንዲህ እንዲህ እያልን፣ እኔ በቁጥሮቹ ጀርባ ተሸሽጌ ንጹሕ ነኝ እያልኩ፣ ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ተጠጋን። እዚያ ጋ አንድ ገጽ አለ። በዚያ ገጽ ላይ አንድም ቁጥር የለም። ልጅቷ ተንበርክካ ስትጸልይ ባላባቱ ወንበር ስቦ አጠገቧ ይቀመጣል። ጋሽ ይርጋ መጽሐፉን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ቀስ ብለው አስጻፉኝ፦

«ጸልዪ፤ አልቸኩልም። ትናንትም ጸልየሻል፣ እኔም እራቴን በልቼ ደህና አድሬያለሁ። የሚሰማሽ ካለ እኔንም ሰምቶኛል፣ አይቶኛልም፣ ዝምም ብሎኛል። ዝምታውን ለማን እንስጠው፣ ለአንቺ ወይስ ለእኔ? የሚሰማሽ ከሌለ ደግሞ እዚህ ያለነው ሁለት ነን፤ ቁልፉን የያዝኩትም እኔ ነኝ።»

እየቀጠለ ገጹን ይሞላዋል። ልጅቷ ምንም አትመልስም። ምዕራፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

ስለ ራሴ ብዙ ማውራት አልወድም። ታናሽ እህቴ ትዕግሥት ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ቸርቻችን ሃያ አንድ ቀን ጾሞ ጸልዮላታል። በሃያ ሁለተኛው ቀን ቀበርናት። ስድስት ዓመት ሙሉ «የጌታ ፈቃድ ነው» ብዬ ለሰው ሁሉ መልሻለሁ፣ ለእናቴም፣ ለልጆቿም። ያን ቀን ግን ያ ዊግ የደፋ ባላባት እኔን ነበር የሚያየው። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ጋሽ ይርጋ እንደወጡ ገጹን በሙሉ አጠፋሁት። በምትኩ ልጅቷ ብድግ አለች፣ አፏን ከፈተች፣ እኔም አፏ ውስጥ የማውቀውን ጥቅስ ሁሉ አስገባሁላት። ባላባቱ ላብ በላብ ሆነ፣ ተንበረከከ፣ አለቀሰ። በሚቀጥለው ምዕራፍ ያ ንስሐ የገባ ሰውዬ ምንም እንዳልሆነ ተነሥቶ ወደ ቁጥር ሰባቱ ይመለሳል፤ እኔ ግን ግድ አልነበረኝም።

መከራዬ የመጣው በማግሥቱ ነው። ጋሽ ይርጋ ሁልጊዜ የትናንቱን ያስነብቡኛል። ስክሪን ማየት ስለማይችሉ የሚያምኑት ጆሯቸውን ነው። «አንብቢልኝ» አሉ። ስክሪኑ ላይ ባላባቱ ተንበርክኳል። ምን ላድርግ? በቃሌ፣ እንዳስጻፉኝ፣ ትዝ እንዳለኝ አነበብኩላቸው። ደስ አላቸው። ከዚያ «‹እራቴን በልቼ› አትበዪ፣ ‹እራቴን ጥርግ አድርጌ በልቼ› በይው» አሉኝ። ባዶ ቦታ ብቻ የሚጥለውን የስፔስ ባር ቁልፍ ደጋግሜ እየመታሁ «አስተካክያለሁ» አልኳቸው። በማግሥቱ ደግሞ «ያቺን ገጽ አንብቢልኝ እስቲ» አሉ። አንድ ቃል ለወጡ። በሦስተኛውም ቀን፣ በአራተኛውም። ሌላውን ገጽ አንዴ ሰምተው ያልፉታል፣ ይቺን ግን ስድስት ጠዋት አስደገሙኝ። እኔ የምጠላትን ገጽ፣ ከነእርማቷ፣ እንደ ቆሎ ተማሪ በቃሌ አጠናሁ።

በስድስተኛው ቀን መታገሥ አቃተኝ።

«ጋሼ፣ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ስንት ጥሩ መጽሐፍ አለ፤ ለምን ይሄን?»

ማጉያ መነጽራቸውን አስቀመጡ። «ደራሲው ከሞተ በኋላ ፈላስፎቹ ተጣሉበት፣ ታውቂያለሽ? ግማሾቹ ‹ይሄ ሰው ሰንሰለት ሰበረ፣ የነጻነት አባት ነው› አሉ። ግማሾቹ ‹ይሄማ የእሥር ቤት አዛዥ የሚያስበውን ነው የጻፈው፤ ርኅራኄ የሌለው አእምሮ መድረሻው እዚህ ነው› አሉ። እስከ ዛሬ አልታረቁም።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ሰውየውን አውቀዋለሁ።»

ከዚያ ነገሩኝ። በአብዮቱ ጊዜ፣ የፈረንሳይኛ መምህር ሳሉ፣ ታስረው ነበር። የሚመረምራቸው የራሳቸው ተማሪ ነው፣ ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ የነበረ ልጅ። እሱ አልመታቸውም። የሚመቱት ሌሎች ናቸው፤ ልጁ ከዚያ በኋላ ሻይ ይዞ ይመጣል፣ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ያስረዳል።

«‹ጋሼ፣ ንጹሕ መሆንዎን አውቃለሁ› አለኝ። ‹ግን ንጽሕናዎ ምን ይሠራል? ማንን አዳነ? ነገ አንድ ስም ቢሰጡኝ ይወጣሉ፣ ባይሰጡኝም ስሙን ከሌላ ሰው አገኘዋለሁ፤ ታዲያ የሚሞቱት ለምን ብለው ነው?› በትሕትና ነው የሚለኝ ማርታ፣ አንቱ እያለ። ዱላውን ቻልኩት። ለእሱ ግን መልስ አጣሁለት።»

«ስሙን ሰጡት?»

ጋሽ ይርጋ ኮፍያቸውን አንሥተው ውስጡን ማየት ጀመሩ፣ የጻፉበት ነገር ያለ ይመስል።

«ወጣሁ» አሉ በመጨረሻ። «ከወጣሁ በኋላ ይሄን መጽሐፍ ሳነበው ልጁ ቁጭ ብሎ አገኘሁት፣ ዊግ ደፍቶ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ሰው ንግግሩን አንድ በአንድ ጽፎት ኖሯል። ቀድሜ አንብቤው ቢሆን ኖሮ፣ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ‹አንተን አውቅሃለሁ› እለው ነበር። መልስ ባይኖረኝ እንኳ አውቀው ነበር። ሰው ይህን ሰውዬ መጽሐፍ ውስጥ ይተዋወቀው ብዬ ነው። እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው የተዋወቅኩት።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «ጋሼ፣ ገጹን አጥፍቼዋለሁ» ማለት ስንት ቃል ነው? አፈርኩ። ማኪያቶ ላምጣልዎት ብዬ ወጣሁ። ዓርብ ነበር፤ ወተት አስጨምሬ ተመለስኩ። እሳቸውም ገፉት።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሠርተናል፣ አምስት ወር ሙሉ ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብያለሁ። የጨረስን ቀን ተነሥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ቃል በቃል ነው፣ አይደል?» አሉኝ። «ቃል በቃል ነው ጋሼ» አልኳቸው። በሦስተኛው ሳምንት ሰላም ደወለች።

የሕይወት ታሪካቸውን የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ ሥራዬ ነውና። «ዕድሜያቸውን በማስተማርና በትርጉም ሥራ አሳልፈዋል» ብዬ አለፍኩት። ለቅሶው ላይ እትዬ አስካለ ደረቷን እየመታች «ቃለ እግዚአብሔር ሲተረጉሙ ሞቱ፣ ጉልበቴን ፈውሰው ሞቱ!» ትላለች፣ ሰዉም አብሯት ያለቅሳል። ሰላም አንገቷን ደፋች፤ ታልቅስ ትሳቅ አላወቅኩም። እኔ አለቀስኩ። የማለቅሰው ለማን እንደሆነ ግን ለራሴም ግልጽ አልነበረም።

አርባቸው ሲቃረብ ሰላም ከሥራ ቀጥታ ወደ ሱቄ መጣች፣ የነርስ ልብሷን እንደለበሰች።

«ሶ ማርትዬ፣ ለአርባው ሃምሳ ኮፒ ፕሪንት ላደርገው ነው። ፋይሉን ስጪኝ። ቁጥሮቹን እኔ ሪፕሌስ አደርጋቸዋለሁ፣ አንቺ አትጨነቂ። ነርስ ነኝ፣ የሰውነት ክፍል አያስደነግጠኝም።»

«ሰላምዬ፣ ሰኞ ልስጥሽ?»

«ለምን? ኮምፕሊት አይደለም እንዴ? አባዬ እኮ ወርድ ባይ ወርድ ነው ብሎኛል።»

«ትንሽ የማስተካክላት ገጽ አለች።»

ቅዳሜ ጠዋት ሱቄን ከውስጥ ቆልፌ ገጹን ከፈትኩት። እውነቴን ነው፣ እኔ የጻፍኳት ልጅ ጥሩ ነበር የተናገረችው። ደግሜ ሳነባት ራሴው አሜን ልል ነበር። ግን ንግግሩን ስላጠፋሁበት ባላባቱ እሷ አፏን ሳትከፍት ነበር የተሸነፈው፤ ምን እንዳለ የማይታወቅ ሰው ሲሸነፍ ምን ይጠቅማል? ጋሽ ይርጋን ያሸነፋቸው ተማሪ እንደዚያ ላብ በላብ አልሆነም። እህቴ አልጋ አጠገብ የተቀመጠው ዝምታም አልሆነም። አጠፋሁት።

ረስቼው ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ሃያ ዓመት የዘመርኩት መዝሙር ሁለተኛው ስንኝ ይጠፋብኛል። ይሄ ግን አንድ ቃል ሳይጎድል መጣ፣ «ጥርግ አድርጌ» ሳይቀር፣ በሳቸው ድምፅ። ለካ ያጠፋሁት ከኮምፒዩተሩ ብቻ ነው። «ዝምታውን ለማን እንስጠው» የሚለው ጋ ስደርስ ለትዕግሥት ስድስት ዓመት ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። ጻፍኩት። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ታየኝ፣ ንዴቴም ተመለሰ። ዓይናቸው ከከዳቸው ወዲህ በጆሯቸው የሚኖሩ ሰው፣ ስፔስ ባር ከፊደል ተለይቶ አይሰማቸውም? ታዲያ ያቺን አንዲት ገጽ ስድስት ጠዋት ያስደገሙኝ ለምንድን ነው? አውቀው ነው? አውቀውስ ከሆነ ያን ሁሉ ወር ዝም ብለው ያዩኝ ነበር? ሽማግሌው እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ጥለውብኝ መሄዳቸው አሁንም ያንገበግበኛል። ይናፍቁኛልም።

ሰኞ ሰላም መጣች። ገጹን አትሜ ሰጠኋት፣ ያደረግኩትንም ሁሉ ነገርኳት። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ቆማ አነበበችው፣ ከዚያ እንደገና አነበበችው።

«ልጅቷ ምንም አትመልስለትም?»

«አትመልስለትም።»

«እንዴ! ምንም?»

«ምንም።»

ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው፣ የደንበኛ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። «አንቺ ብትሆኚ ምን ትይው ነበር?» አለችኝ። «የጌታ ፈቃድ ነው» የሚለው የለመድኩት መልስ ምላሴ ላይ ደረሰ፣ ግን አላልኩትም። ሁለት የልደት ካርድ ለዛሬ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ስልኩም ይጮሃል። በሩን ዘግቼ ከፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።